በስድሳ ዓመቴ ኪሮሽ ላስያዙኝ እናት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጎንደር ውስጥ፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኪሮሽ ለሚያስተምሩ እናት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና ከምንም ተነሥቶ መጀመር የሚፈልግ ሰው ካለ ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ አጥብቀው ስለለመኑኝ አልጠቅስም። እኔ መጀመሪያ በቀልድ፣ ኋላ ግን ከልቤ «የኔታ» እያልኩ የምጠራቸው ስለሆነ እዚህም በዚሁ ስም እቀጥላለሁ።

በመምህርነት አገልግዬ ባለፈው ሐምሌ ጡረታ ወጣሁ። እናቴ እርጅናው ቢጫናትም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ኪዳን ሳታደርስ የምትውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው ከተማችን የጥቅምትና የኅዳር ንጋት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነጠላው ብርዱን አይመክትላትም፣ ጋቢው ደግሞ ትከሻዋን ይከብዳታል። ስለዚህ ከነጠላዋ ሥር የምትደርበው ቀላል ሻል በገዛ እጄ ልሠራላት አሰብኩ። ገዝቼ መስጠት እችል ነበር፤ ነገር ግን የጡረታ ቀን ረጅም ነው፣ እጄም ጠመኔ ከተወ ወዲህ ሥራ ፈትቶ ነበር።

ብቻዬን የጀመርኩት ሙከራ የሁለት ወር ድካም ሆኖ ቀረ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ ወፍራም የሹራብ ክር ከቀጭን የብረት መርፌ ጋር አጣምሮ ሸጠልኝ። መርፌው በቀጭን ክር የሶፋና የቡፌ ዳንቴል ለመሥራት የታሰበ መሆኑን፣ የገዛሁትን ወፍራም ክር ደግሞ ሊስብ ቀርቶ በቅጡ ሊነክስ እንኳ እንደማይችል የነገረኝ ሰው አልነበረም። በዩቲዩብ የማያቸው ትምህርቶችም ይበልጥ አደናገሩኝ፤ አሜሪካኖች «ደብል ክሮሼ» የሚሉትን ስፌት እንግሊዞች «ትሬብል» ስለሚሉት፣ ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው ስሸጋገር ሥራዬ ካንዱ ጫፍ ሲረዝም ካንዱ ሲያጥር ምክንያቱን ሳላውቀው ከረምኩ።

የኔታ ዘንድ በሄድኩበት የመጀመሪያ ቅዳሜ መርፌ አላስያዙኝም። ቱባውን በሁለት ጉልበቴ ዘርግተው ልቃቂት እንዳደርገው አዘዙኝ፤ አጥብቄ ስጠቀልለው ደግሞ አስፈቱኝ፤ ተወጥሮ የተጠቀለለ ክር ይለጠጥና ሥራው ላይ ሲያርፍ ይኮማተራል ብለው አስረዱኝ። ቀጥለው በወረቀት መለያው ላይ የተጻፈውን የመርፌ ቁጥር አሳዩኝና 6 ሚሊሜትር የሚል የታተመበት የአሉሚኒየም መርፌ ሰጡኝ። እጄ እንደሚያጠብቅ ገና ሲያዩ ስለገባቸው ነው አንድ ቁጥር ከፍ ያደረጉልኝ፤ መለያው የሚለው 5 ነበር። አራቱንም ባለ 100 ግራም ቱባዎች በአንድ ጊዜ እንድገዛ፣ የነከራ ቁጥራቸውም አንድ መሆኑን እንዳመሳክር የመከሩኝም እሳቸው ናቸው፤ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር በመደርደሪያው ላይ አንድ ዓይነት መስሎ፣ ሥራው ላይ ሲገባ ግን እንደ መቀነት ተለይቶ ይታያል።

የሰጡኝ ሥራ ከላይ ከማጅራት መሐል ተነሥቶ ወደ ታች የሚሰፋ ባለ ሦስት ማዕዘን ሻል ነው። አራት ሰንሰለት፣ ማለትም ክሩን በዓይን ውስጥ እየሳቡ የሚቀጣጥሉት ተራ ስፌት፣ ተሠርቶ ጫፍና ጫፉ እንደ ቀለበት ይገጠማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሰንሰለትና እሳቸው «ቋሚ» የሚሉት አንድ ዓይነት ስፌት ብቻ ነው። ቋሚ የሚሠራው ክሩን አንድ ጊዜ በመርፌው ላይ ጠምጥሞ፣ መርፌውን ወደ ቀዳዳው አስገብቶ ክር በመሳብ፣ ከዚያም መርፌው ላይ ያሉትን ሦስት ዓይኖች (የክር ቀለበቶች) ሁለት ሁለቱን እያደረጉ በሁለት ጊዜ በማውጣት ነው። ሦስት ቋሚ በአንድ ቀዳዳ ሲገባ «ዘለላ» ይሉታል፤ በዘለላና በዘለላ መካከል የሚቀረውን ክፍተት «መስኮት» ይሉታል። የሚቀጥለው ረድፍ ዘለላ የሚገባው በመስኮቱ ስለሆነ ጀማሪ የእያንዳንዱን ዓይን አናት ሲፈልግ አይኑ አይፈዝም። በመሐል ማዕዘኑ ላይ ሁለት ዘለላ በሁለት ሰንሰለት ተለያይተው ይገባሉ፤ ረድፉ በ4 ሰንሰለት ይጀመራል፣ ከእነዚህ ሦስቱ እንደ ቋሚ፣ አንዱ እንደ መስኮት ይቆጠራሉ። እንዲህ ሲሆን በየረድፉ ሁለት ሁለት ዘለላ ይጨመራል፤ በ1ኛው ረድፍ 2፣ በ2ኛው 4፣ በ10ኛው 20 ዘለላ መገኘት አለበት።

ይህ ሒሳብ ለሂሳብ መምህር ቀላል ነው ብላችሁ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። በ9ኛው ረድፍ ላይ ሻሉ አንዱ ክንፉ ተሰብሮ እንደ ወደቀ ወፍ ወደ ጎን ተንጋደደ። አፍሬ ልተረትረው ስል የኔታ እጄን ያዙና «መምህር፣ አይፍቱት፤ መጀመሪያ ይቁጠሩት» አሉኝ። ከመሶብ መስፊያቸው አንድ ስንደዶ አንሥተው፣ ልክ ልጅ ሳለሁ የቤተ ክህነቱ የኔታ ፊደል እንዳስቆጠሩኝ፣ ዘለላዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ አስቆጠሩኝ። 18 መሆን ሲገባው 15 ነው። «የጠፉትን ሦስቱን ይፈልጉልኝ» ብለውኝ ቡናቸውን ሊያፈሉ ሄዱ። ከረድፍ ረድፍ ወደ ኋላ ስቆጥር በ4ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ያለችውን መስኮት ዘልያት ኖሯል፤ ሦስቱም በአንድ በኩል ስለሚያልቁ ነው አንዱ ክንፍ ብቻ ያጠረው። መስኮቷ የምትሸሸገው ያለፈውን ረድፍ በጀመሩት አራት ሰንሰለቶች ሥር ነው፤ ካላወቋት ጫፍ ትመስላለች። ሲመለሱ መርፌውን ተቀብለው ሊያስተካክሉልኝ ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም። እስከ 3ኛው ረድፍ እንድፈታው ፈቀዱልኝ፣ ዳግመኛም ያንን ስሕተት አልሠራሁም። ብዙ ዓመት ተማሪ ያስተማርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ የተማሪን ስሕተት በራሱ እጅ እስኪያገኘው ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አልቻልኩትም።

ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ መቀመጡ አንዳንድ ወዳጆቼን አስቋቸዋል። የእናቶቻችንን ጥበብ ቀሚስና ነጠላ የሚሸምኑት ሸማኔዎች አብዛኞቹ ወንዶች ሆነው ሳለ መርፌው ሲያጥር ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። የኔታ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጓዳው በኩል ወንበር አስቀምጠውልኝ ነበር፤ ሳልጠይቃቸው አውቀውልኝ ነው።

ለሚሄዱ ሰዎች የማልሸሽገው ነገርም አለ። ክፍሏ ከአራት ሰው በላይ አትይዝም፣ መስኮቷ ትንሽ ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ክር ይዞ መሄድ ዓይንን ማድከም ነው፤ ለመጀመሪያ ሥራ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይምረጡ። በወር በዓላት፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያምና በ29 ባለወልድ መርፌ አይነኩም፤ ቅዳሜው በእነዚህ ላይ ከዋለ በከንቱ እንዳይደክሙ። እኔ ለስምንት ቅዳሜ 1200 ብር ከፍያለሁ፤ ክርና መርፌ የራስ ነው።

ሻሉ በ40ኛው ረድፍ፣ በ80 ዘለላ አለቀ። ክሩ አክሪሊክ ስለሆነ ለብ ባለ ውኃ አጥቤ፣ ሳልጠመዝዘው በፎጣ ጨምቄ፣ ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ ሦስቱን ማዕዘን በመርፌ ቁልፍ ወጥሬ አደረቅሁት፤ እርጥቡን ቢሰቅሉት በክብደቱ ይረዝማል፣ ትኩስ ካውያ ቢነካው ደግሞ አክሪሊክ ይተኛና አይነሣም። ጫፉን እንደ ጋቢ ቋጨሁት። እናቴ ስትቀበለኝ አስቀድማ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ከዚያ ነው የደረበችው። በማግስቱ ከኪዳን ስትመለስ ጎረቤታችን እንዲሠራላት ጠይቃ እንደነበር ነገረችኝ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እልካለሁ። የጎረቤታችን ሻል 11ኛው ረድፍ ላይ ደርሷል፤ 22 ዘለላ አለው፣ ቆጥሬዋለሁ።