የማዘዣውን በተን የበላች ማብሪያ ማጥፊያ

የሐበሻ ልብስ ለምትሸጥ አንዲት ሱቅ ኢሜይል የምሠራው እኔ ነኝ። ደንበኞቿ ግማሾቹ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ አሜሪካ ናቸው። ብሎኩን (የጽሑፍ፣ የፎቶ ወይም የበተን ቁራጩን) በማውዝ እየጎተቱ በሚሠራበት በአንድ የኢሜይል ኤዲተር ስሠራ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ደግሞም የምለው አብዛኛው ለሌሎቹም ይሠራል። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ በካርዱ ይከፍልልኛል፣ እኔ ደግሞ በየበዓሉ በርበሬ እልክለታለሁ። እስካሁን ተጎዳሁ አላለም።

ስለ ቴምፕሌቶቹ (ተዘጋጅተው ስለሚመጡት ንድፎች) አላወራም። አሪፍ ናቸው፣ አለቀ። የማወራው ስለ ዲስፕሌይ ሴቲንጉ፣ ማለትም ምን የት እንደሚታይ ስለሚወሰንበት ክፍል ነው፤ ኤዲተሩን ያስወደደኝም አንዴ ጉድ የሠራኝም እሱ ነውና።

ከስክሪኑ አናት ላይ ሁለት ትንንሽ ምልክቶች አሉ፣ አንዷ ኮምፒውተር አንዷ ስልክ። ስልኳን ስትነኳት መሥሪያው ጠበብ ይልና ኢሜይሉ በስልክ ምን እንደሚመስል ታያላችሁ። ከዚያ ለስልክ ብቻ የፊደሉን መጠን ማሳደግ፣ የዳር ክፍተቱን መቀነስ፣ ጽሑፉን መሃል ማድረግ ይቻላል፣ የኮምፒውተሩ ሳይነካ። ይሄ ነገር ስንት ሰዓት እንዳተረፈልኝ። የኢሜይሉን ስፋት 600 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ላይ እተወዋለሁ፣ ብዙ ሰው የሚሠራበት ልክ ነው፣ አልፈላሰፍበትም።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ቀሚሶቹን ዚግዛግ አድርጌ ነው የምደረድራቸው። መጀመሪያ ፎቶ በግራ ጽሑፍ በቀኝ፣ ቀጥሎ ጽሑፍ በግራ ፎቶ በቀኝ። ኮምፒውተር ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ግን ዓምዶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደሩና የግራው ከላይ ይሆናል። ስለዚህ የሁለተኛው ቀሚስ ጽሑፍና ዋጋ ልክ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሥር ይመጣል፣ ፎቶው ደግሞ ከሱ በታች። የመንዙ ቀሚስ በጎንደሩ ዋጋ ሊሸጥ ነው ማለት ነው። ኤዲተሩ ለዚህ መፍትሔ አለው፣ ረድፉን ነክቶ የድርደራውን ቅደም ተከተል መገልበጥ። አንድ ክሊክ። እንዲህ ያለውን ነገር ያሰበ ሰው ይባረክ።

አሁን ወደ ጉዱ። እያንዳንዱ ብሎክ ላይ «ስልክ ላይ ደብቅ» እና «ኮምፒውተር ላይ ደብቅ» የሚሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። ለእንቁጣጣሽ ቅናሽ ኢሜይል ሁለት የማዘዣ በተን ሠራሁ፣ ትንሿ ለኮምፒውተር (ስልክ ላይ ደበቅኳት)፣ ዳር እስከ ዳር የሆነችው ለስልክ። ሁለተኛዋን የሠራኋት የመጀመሪያዋን ኮፒ አድርጌ ነው። ኮፒ ስታደርጉ ድብቅነቱም አብሮ ይመጣል፤ እኔ ይሄን አላወቅኩም። ሁለቱም ስልክ ላይ ድብቅ ሆኑ።

«ታዲያ ፕሪቪው (ቅድመ እይታው) ላይ አታይም ነበር?» ትሉኛላችሁ። አይ፣ እዚህ ጋ ነው ቅሬታዬ። ከሁለቱ ምልክቶች አጠገብ አንዲት የዓይን ምልክት አለች፣ ድብቅ ብሎኮችን ለሠሪው የምታሳይ። እሷን አብርቼ ነበር፤ ብሎክ እየጠፋብኝ ስለሰለቸኝ። ድብቁ ብሎክ ታዲያ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። የኔ በተን ደግሞ ከመጀመሪያውም ፈዛዛ ቢጫ ናት፣ ለአደይ አበባ ብዬ። መፍዘዟን በምን ልለየው?

ላክሁ። ማታ ሜሪላንድ ካሉ አንዲት እናት መልስ መጣ። «ልጄ፣ ቀሚሱን ወድጄዋለሁ፣ የሚገዛው የት ጋ ነው?» በማግስቱ ባለሱቋ ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ በሩን ዘግተህ ነው እንዴ እንግዳ የጠራኸው?»

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው እኮ። አንዱ እኔ ስሠራ የማየውን ብቻ ይቀይራል፣ እንደ ማጉያው ዙምና እንደ ዓይኗ። ሌላው ተቀባዩ የሚያየውን ይቀይራል። ኤዲተሩ ሁለቱንም ጎን ለጎን፣ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ምልክት ነው ያስቀመጣቸው። ምጣድና ሞባይል አንድ መሳቢያ ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው።

ዳርክ ሞዱም (ስክሪኑን የሚያጠቁረው) እንደዚያው። የጨረቃዋን ምልክት ስነካ መሥሪያው ይጠቁራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ያ ግን የኤዲተሩ ግምት ነው። እውነተኞቹ የኢሜይል አፖች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፣ አንዱ ቀለሙን አይነካም፣ አንዱ ነጩን ብቻ ያጠቁራል፣ አንዱ ሁሉንም ይገለብጣል። የሱቋ ሎጎ ጥቁር ጽሑፍ ነው፣ ጀርባው ባዶ። ጥቁር ላይ ጥቁር፣ ድራሹ ጠፋ። ዙሪያውን ቀጭን ነጭ መስመር አስደርጌ ተገላገልኩ። ነጭ ላይ አትታይም፣ ጥቁር ላይ ግን ሎጎውን ታወጣዋለች።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ የፎንቱ ዝርዝር ያሳዝናል፣ ሁሉም ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ከውጭ መጨመር ይቻላል፣ ፕሪቪው ላይም ልብ ይሰርቃል፤ ግን ጂሜይል ከውጭ የመጣ ፎንት አይቀበልም፣ አፕል ሜይል ይቀበላል። የቀረው ሰው የሚያየው መሣሪያው ላይ ያለውን ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ ማክ ላይ ኬፋ። ኒያላ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው ርዕስ ስታደምቁበት ኮምፒውተሩ በግድ ያወፍረዋል፣ ጨ እና ጬ ጭቃ ይመስላሉ። እኔ ማድመቁን ትቼ መጠኑን አሳድጋለሁ። ለስልክ 16 ፒክስል፣ የመስመሩን ርቀት የፊደሉን 1.6 እጥፍ። ከዚያ በታች ሽማግሌ አያነበውም፣ የእኔም ዓይን እያደር እየደከመ ነው።

ሌላ የሚያናድድ ነገር፣ የተደበቀ ብሎክ አልተሰረዘም። ኮዱ ኢሜይሉ ውስጥ አለ፣ ተቀባዩ አያየውም እንጂ ክብደቱን ይሸከማል። ጂሜይል ደግሞ 102 ኪሎባይት ገደማ ያለፈውን ኢሜይል ይቆርጠዋል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዘዴ) ሦስት ባይት ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው አንድ። ሁሉን ነገር ለስልክና ለኮምፒውተር ሁለት ሁለት ጊዜ ከሠራችሁ ጭራው ይቆረጣል፣ ከደንበኝነት መውጫው ሊንክም እዚያው ጭራ ላይ ነው። ኤዲተሩ ክብደቱን ጥግ ላይ በትንሽ ቁጥር ያሳያል፣ ሲያልፍ ግን አያስጠነቅቅም። ቀይ ቢያደርገው ምን ነበረበት?

ስለ አሮጌው የዊንዶውስ የኢሜይል ፕሮግራም፣ ስለ አውትሉክ ዝም ልበል። ከአውትሉክ 2007 ጀምሮ ኢሜይሉን የሚያሳየው በጽሑፍ መጻፊያው በዎርድ ሞተር ነው፣ የበተኑ ክብ ጥግ አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ተዉት።

እንግዲህ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል። ግማሿ ለዓምድ መገልበጫው። በሚቀጥለው ወርም እከፍላለሁ፣ ማለቴ የአክስቴ ልጅ ይከፍላል። የዓይኗን ምልክት ግን ከመላኬ በፊት አጠፋታለሁ፣ ከዚያ የሙከራ ኢሜይል ለባለሱቋ አሮጌ ስልክ እልካለሁ። መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «በሩ ክፍት ነው፣ ላክ።»