በወር ስንት ብር? ጎንደር ላይ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ለሚገዙ

ባለፉት ወራት ከባልደረቦቼም ከዘመዶቼም አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገመ መጥቶብኛል፤ «ገመድ አልባ ማዳመጫ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?» የሚል። ለእያንዳንዱ በየተራ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ መገላገሉን መረጥሁ። መልሴንም አላቆየውም፤ ጎንደር ውስጥ ለሚኖርና ገንዘቡን ቆጥሮ ለሚያወጣ ሰው የሚሻለው አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ የጆሮ ፍሬዎቹ በአጭር ገመድ ከአንገቱ ጋር የተያያዙት፣ ነጋዴዎች ኔክባንድ የሚሉት ነው። መልኩ አያምርም፣ ወጣቶችም የሽማግሌ ዕቃ ይሉታል፤ ሆኖም ሲበላሽ እዚሁ ከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚጠገነው እሱ ነው።

ይህን የተማርሁት ከስሬ ነው። ታናሽ እህቴ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማራኪ በሚባለው ግቢ መማር እንደጀመረች፣ ጓደኞቿ ጆሮ ላይ ያየችውን ነጭ ኤርፖድ፣ ማለትም የአይፎን ሠሪው አፕል የሚያመርተውን፣ ሁለት ነጠላ ፍሬና ቻርጅ የሚደረግበት ሳጥን ያለውን ማዳመጫ ተመኘች። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ፣ ጥምቀት ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት፣ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ ገባሁ። ያ ወቅት ከተማው በእንግዳ የሚሞላበትና የሁሉም ነገር ዋጋ የሚንርበት በመሆኑ ለግዢ የሚመረጥ አልነበረም። ሻጩ 1,600 ብር ብሎ ጀመረና በ1,300 ተስማማን። ኦሪጅናል ስለመሆኑ ስጠይቀው የራሱን አይፎን አውጥቶ የሳጥኑን ክዳን ሲከፍተው የማዳመጫው ሥዕል ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። «ይኸው፣ ስልኩ ራሱ መሰከረልህ» አለኝ፤ እኔም አመንሁ። ፎርጅዱም ያንኑ ሥዕል እንደሚያመጣና ሳጥኑ ላይ የሚታተመው መለያ ቁጥር ከእውነተኛ ዕቃ ተገልብጦ ሊጻፍ እንደሚችል የተረዳሁት ገንዘቤን ካወጣሁ በኋላ ነው። አዲሱ አይፎን አንዳንድ ጊዜ ዕቃው ትክክለኛ መሆኑን ማረጋገጥ እንዳልቻለ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሊያሳይ ይችላል፤ ሻጭ ግን በዚያ ስልክ አያሳይም።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ ይልቅ አንድ የማባዛት ስሌት ይበቃኝ ነበር። ኤርፖድ ፕሮ የሚባለው አሜሪካ ውስጥ የወጣበት ዋጋ 249 ዶላር ነው። ዶላሩን በ130 ብር ብቻ ብናሰላው 32,370 ብር ይሆናል፤ ይህም ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት ነው። በ1,300 ብር ኦሪጅናል ኤርፖድ አለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ግንቦት ላይ የግራው ጆሮ ቻርጅ መቀበል አቆመ። ሱቁ ደረሰኝ ስላልሰጠኝ ዋስትናም አልነበረኝም፤ ሻጩም «የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከበር ከወጣ አይመለስም» ብሎ ሸኘኝ። ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ ወስጄ ሳጥኑን ሲከፍተው ውስጡ ምንም ሥራ የሌላት ቁራጭ ብረት በማስቲሽ ተለጥፋ አገኘን፤ የተቀመጠችው ዕቃው በእጅ ሲመዘን ከበድ ብሎ ጥራት ያለው እንዲመስል ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ የሳጥኑ ባትሪ አቅም 500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፤ ባትሪው ራሱ ላይ የታተመው 200 ነው። ከጆሮ የሚገባውን ክፍል ደግሞ ጠጋኙ አገላብጦ አየና መለሰልኝ፤ ሽፋኑ በማጣበቂያ የተደፈነ ስለሆነ ሳይሰበር አይከፈትም፣ ቢከፈትም ውስጡ ያለችው ባትሪ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ ስትሆን ተተኪዋ ከተማው ውስጥ አይሸጥም። 1,300 ብር ለአራት ወር ሲካፈል በወር 325 ብር ነው።

«ፎርጅድ ስለገዛህ ነው እንጂ ኦሪጅናሉ ደህና ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ከፊል እውነት አለው። አዘዞ የሚኖረው ወንድሜ መስከረም 2017 ላይ የታወቀ ድርጅት ሥራ የሆነ፣ እንዲሁ ሁለት ነጠላ ፍሬ ያለው ማዳመጫ በ3,400 ብር ገዝቶ ነበር። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ስልክ ሲያወራበትም በደንብ ይሰማል። ከዓመት በላይ በሰላም ተጠቀመበት። ከዚያ ኅዳር ላይ ማለዳ ከባጃጅ ሲወርድ ከራሱ ላይ ጋቢውን ገፈፍ ሲያደርግ የቀኙ ፍሬ አብሮ ተፈናጥሮ ከመንገዱ ዳር ቱቦ ውስጥ ገባ። አንድ ፍሬ ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ ከአዘዞ እስከ አራዳ ጠይቆ አላገኘም፤ የቀረው አንድ ጆሮና ሳጥን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። 3,400 ለ14 ወር ሲካፈል 243 ብር ገደማ ይመጣል። ባይጠፋበትም ኖሮ ዕድሜው ብዙ አይረዝምም ነበር፤ ሊቲየም ባትሪ የሚያረጀው ሞልቶ ባለቀ ቁጥር ስለሆነና ትንሿ ባትሪ በአራትና በአምስት ሰዓት ውስጥ ተሟጥጣ በቀን ሁለት ጊዜ ስለምትሞላ፣ በሁለት ቀን አንዴ ከሚሞላው ትልቅ ባትሪ በብዙ እጥፍ ፈጥና ትደክማለች።

ወደ ኔክባንዱ ልምጣ። የእኔን የገዛሁት ጥቅምት 2016 በ1,700 ብር ነው። በ11ኛው ወር ገመዱ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተበጥሶ የግራው ድምፅ ጠፋ፤ ጠጋኙ ሽፋኑን በቀጭን ቢላ ከፍቶ፣ የተበጠሰውን ጫፍ ልጦ፣ በየደውና 150 ብር ተቀበለኝ፤ ሥራው አንድ ቡና እስክጠጣ አልፈጀም። በ22ኛው ወር ባትሪው ደከመና ከሌላ አሮጌ ዕቃ በወጣ ባትሪ በ350 ብር ተቀየረልኝ። አሁን 26ኛ ወሩ ነው። ጠቅላላ ወጪው 2,200 ብር፣ በወር 85 ብር ገደማ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዋጋው ጨምሮ ዛሬ ያንኑ ዕቃ 2,600 ብር ይሉታል፤ በዚህ ዋጋ ተገዝቶ ያው ጥገና ቢደረግለትም በወር 119 ብር ነው፤ ከፎርጅዱ ከግማሽ በታች መሆኑ ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀንም አንዴ ከሞላ እስከ ማግስቱ ያደርሰኛል። ከጆሮዬ ቢላቀቅ አንገቴ ላይ ይቀራል እንጂ ቱቦ አይገባም።

ጉድለቱን ልሸሽግ አልችልም። የሚናገሩበት ማይክ ደረት አካባቢ ስለሚውል ጋቢ ወይም ሹራብ ሲነካው ለሚሰማው ሰው እንደ ንፋስ ይንሿሿል፤ በብርድ ጊዜ ስልክ የደወለልኝ ሁሉ ያማርራል። ኔክባንድም ፎርጅድ አለው። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ የአንገቱን ጎማ በእርጋታ ለጠጥ አድርጉት፤ ነጭ ስንጥቅ ካሳየ መልሱት። የገመዱን ሥር በጥፍራችሁ ነካ ነካ አድርጉት፤ ገመዱ ወደ ውስጥ ከተንሸራተተ በደንብ አልታሰረም። ከዚያ ሙዚቃ ከፍታችሁ ስልኩን ከኋላ ኪሳችሁ አስገቡና ከሱቁ ደጅ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። የብሉቱዝ ሞገድ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ የሚሠራ በመሆኑ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ውሃ ያዳክመዋል፤ ርካሹ ዕቃ ሲቆራረጥ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ስለተጻፈው የብሉቱዝ ቁጥር፣ 5.0 ይሁን 5.3፣ ሻጩ ሲሰብክ ሰምታችሁ እለፉት።

ራስ ላይ የሚደፋውን ትልቁን ሄድፎን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ደህናው ከ4,000 ብር በታች አልተገኘልኝም፤ የጆሮው ቆዳ መሳይ ሽፋንም በዓመቱ እየተላጠ አንገት ላይ ይራገፋል። እህቴ የጓደኛዋን ተውሳ ሞክራው ሹሩባዋን ስለሚጫናት በሁለተኛው ቀን መለሰችው። ቢሮ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ግን፣ በተለይ ባትሪው ሲያልቅ በገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ካለው፣ አልቃወምም።

ስልኩ ላይ ሬዲዮ ማዳመጥ ለሚፈልግ ሰው ግን ከሦስቱም አንዱን አልመክርም። ስልኮች በአብዛኛው የኤፍ ኤም ሞገድ የሚቀበሉት የማዳመጫውን ገመድ አንቴና አድርገው ነው፤ ገመድ ካልተሰካ ሬዲዮው አይከፈትም። አጎቴ ለዜናና ለእግር ኳስ ብሎ ገመድ አልባ ሊገዛ ሲል በ150 ብር ባለገመድ ገዛሁለት፤ እስካሁን ይመርቀኛል።

እህቴ በመጨረሻ የእኔኑ አሮጌ ኔክባንድ ወሰደችው፤ የሽማግሌ ዕቃ ማለቱንም ትታለች። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ለራሴ ሌላ ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ ከ2,600 ተነሥቶ ብዙ ተከራክረን 2,450 ላይ ደረሰ፤ ደረሰኝ ቁረጥልኝ ስለው ግን ወደ 2,600 ተመለሰ። ልዩነቱ 150 ብር፣ የአንድ ገመድ መጠገኛ ነው። ትንሽ አሰብሁና 2,600 ከፍዬ ደረሰኙን ካርቶኑ ውስጥ አጥፌ አስቀመጥሁት።