የወጥ ቤት ካቢኔትና ካውንተር ቶፕ ምርጫ፦ ንጽጽር

በልደታም ሆነ በካዛንቺስ ወጥ ቤቱን ለማደስ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀለም ምርጫ ነው። የካቢኔቱን ዕድሜ የሚወስኑት ግን ውሃና ሙቀት ስለሆኑ ንጽጽሩም በእነዚሁ ቢመዘን ገዢውን ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ቺፑድ የእንጨት ስብርባሪ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ በመሆኑ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን የማጠፊያው ብሎን አንዴ ከላላ ተመልሶ አጥብቆ አይይዝም። ኤምዲኤፍ ከደቀቀ የእንጨት ጭረት ስለሚሠራ ፊቱ ልስልስ ነው፣ ቀለምንም ሆነ ቅርጽን በሚገባ ይቀበላል፤ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ግን ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ውሃ ይቋቋማል ተብሎ የሚሸጠው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ይሁንና አረንጓዴው ማቅለሚያ ብቻ በመሆኑ የጥራት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ከሠሪው ቁራጭ ጠይቆ ውፍረቱን መለካት፣ ከዚያም ውሃ ውስጥ አሳድሮ በማግሥቱ ደግሞ መለካት ከማንኛውም የሻጭ ቃል ይበልጣል። አሉሚኒየም አያብጥም፣ ምስጥም አይበላውም፤ ቅር የሚያሰኘው ሲዘጋ መንኳኳቱና ቢሮ ቢሮ ማለቱ ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት በርሜልና ጀሪካን ከሲንኩ አጠገብ ወለል ላይ መቀመጣቸው፣ ሲቀዳም መፍሰሱ አይቀርም። በዚህ ምክንያት የታችኛው ካቢኔት አሉሚኒየም፣ የላይኛው ኤምዲኤፍ ቢሆን እመርጣለሁ። ከታችም ኤምዲኤፍ የሚፈልግ ሰው ካቢኔቱ ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በፕላስቲክ እግር እንዲቆም፣ የጠርዝ ማሸጊያውም በሚታየው በኩል ብቻ ሳይሆን በአራቱም ጎን እንዲለጠፍ በውሉ ላይ ማስፈር ይኖርበታል፤ ውሃ የሚገባው ከማይታየው ጠርዝ ነውና።

ከካውንተር ቶፕ ድንጋዮች መካከል እብነ በረድ መልኩ ያማረ ቢሆንም ዋና ይዘቱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ፊቱን እየበሉ ያደበዝዙታል፤ እርድም ቢጫ እድፍ ይተውበታል። ለመታጠቢያ ቤት ይሁን፤ ወጥ ለሚሠራበት ቤት አልመክረውም። ግራናይት ሎሚንም ሆነ የጋለ ድስትን ይችላል፤ ነጣ ያለው ግን ዘይት ስለሚመጥ በየጊዜው መከላከያ መቀባት አለበት። ደካማ ጎኑ ለሲንክ በተቆረጠው ቀዳዳ ፊትና ኋላ የሚቀረው ቀጭን ክፍል ነው፤ እዚያ ላይ ሙቀጫ አስቀምጦ መውቀጥ ሊሰነጥቀው ይችላል። ኳርትዝ ከተፈጨ ድንጋይና ከሙጫ በፋብሪካ የሚሠራ ሲሆን እድፍን ከሁለቱም በተሻለ ይከላከላል፤ ሆኖም ሙጫው ኃይለኛ ሙቀት ስለማይወድ ከምጣድ የተነሳ አክንባሎ በቀጥታ ቢያርፍበት ምልክት ሊተው ይችላል። ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራም ለሳንባ እጅግ አደገኛ ነው፤ አውስትራሊያ በዚሁ ምክንያት ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከልክላዋለች። የሚመርጠው ሰው ቢያንስ ቤት ውስጥ እንዳይቆረጥ ያድርግ። ለእኔ ጠቆር ያለ ግራናይት ይቀድማል።

ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት የምጣዱ ቦታ መወሰን አለበት። 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ ከማቀዝቀዣው ጋር በአንድ መስመር መዋል የለበትም፤ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል።

ዋጋ ሲነጻጸር አንዱ ሻጭ በካሬ ሜትር፣ ሌላው በርዝመት ሜትር ሊናገር ስለሚችል ሁለቱን ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት ይገባል። የጠርዝ ማለስለሻ፣ የሲንክ ቀዳዳ መቁረጫና ሊፍት በሌለው ሕንፃ ድንጋዩን እስከ አራተኛ ፎቅ የማውጫ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት በጽሑፍ ይጠየቅ።