ለጸሐፊዎች ጉባኤ «ሙሉ ፓኬጅ» እናዘጋጃለን ለሚሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

ጎንደር ሆናችሁ መጽሐፍ ለማውጣት የምትደክሙ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህችን አንብቧት። አንብባችሁም ለምታውቁት ጀማሪ ጸሐፊ አድርሱለት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ ወጣት ጸሐፊዎችን እየፈለጉ የሚያነጋግሩ ሰዎች አሉ። የጸሐፊዎች ጉባኤ ሊካሄድ ነው፣ አሳታሚዎችና የደራሲን ሥራ ለአሳታሚ የሚሸጡ የውጭ ወኪሎች ይመጣሉ፣ ረቂቅና የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ አዘጋጅቶ ያልመጣ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው የለም ይላሉ። ተዘጋጅቶ መሄዱ እውነት ነው፣ ይጠቅማል። ችግሩ «ሁሉንም እኛ እንጨርስላችኋለን» ብለው ቀብድ ሲጠይቁ ነው።

የማውቃት አንዲት የአዘዞ አስተማሪ ከፍላለች። ልጆቿን አስተኝታ ማታ ማታ የጻፈችውን ልቦለድ ነው ይዛ የሄደችው። የከፈለችው የወራት ደመወዟን ነው። አርትዖት፣ የገጽ ቅንብር፣ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር)፣ የቴሌግራም ቻናል ከነተከታዩ፣ ሁሉም ቃል ተገብቶላት ነበር።

«ታረመ» ተብሎ የተመለሰላትን ረቂቅ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አየሁት። እሷ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታች «፡፡» ያደረገችው ሁሉ ወደ «።» ተቀይሯል። «ሠ» ያለበት ሁሉ «ሰ» ሆኗል፤ «ንጉሥ» «ንጉስ»፣ «ሥራ» «ስራ»። ይህን ኮምፒውተር በአንድ ትእዛዝ በሰከንድ ይጨርሰዋል። ሌላ የተነካ ነገር የለም። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የተቀበረው አጎት ሰባተኛው ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። አርታኢ የሚከፈለው እንዲህ ያለውን ስህተት እንዲይዝ ነው። ገጾቹን ያነበበ ሰው አልነበረም። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

ፋይሉንም የሰጧት በፒዲኤፍ ብቻ ነው። ማረም የምትችልበትን የወርድ ፋይል ስትጠይቅ ተጨማሪ ክፈይ አሏት። በደብተር የጻፋችሁትን የምታስተይቡም ተጠንቀቁ። በዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል አሠራር፣ ይተየብልኝ በሉ። በአንዳንድ አሮጌ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል። ፋይሉን ከመረከባችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ክፈቱት።

ቻናሉ ደግሞ የባሰ ነው። የተከፈተው በእነሱ ስልክ ቁጥር ነው። ባለቤቱ እነሱ ናቸው፣ እሷ አስተዳዳሪ ብቻ። በፈለጉ ሰዓት ሊያስወጧት ይችላሉ። ተከታዩ በሺህ ይቆጠራል፣ ግን ከአንድ ጽሑፍ ሥር ያለውን የተመልካች ቁጥር ስታዩ ሃምሳ አይሞላም። የተገዛ ተከታይ አያነብም፣ መጽሐፍም አይገዛም። አሳታሚም ቢሆን ይህን ቁጥር አይቶ ለመረዳት ደቂቃ አይፈጅበትም። የራሳችሁን ቻናል በራሳችሁ ስልክ በነጻ ክፈቱ። በየሳምንቱ አንድ አጭር ነገር የሚያነቡላችሁ መቶ የጎንደር ልጆች ይበልጣሉ።

አይኤስቢኤንም ቢሆን ለጉባኤ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መጽሐፉ ሊታተም ሲል ነው። የሚሰጠውም አዲስ አበባ ያለው፣ ብዙዎቻችን ወመዘክር የምንለው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ነው። የጥራት ምስክር ወረቀትም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ውሉ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የማሳተም፣ የመተርጎምና ወደ ፊልም የመቀየር መብት «ለአገልግሎት ሰጪው ተላልፏል» የሚል አንቀጽ አለ። ገንዘቡንም ከፍላችሁ መብቱንም ሰጥታችሁ ማለት ነው። አይን ያወጣ ነገር ነው! በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጽሑፉ የደራሲው የሚሆነው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ምዝገባ አይጠይቅም። በሕይወት ዘመናችሁ ሙሉና ከሞታችሁም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ይህ መብት ወደ ሌላ ሰው የሚዞረው ግን በጽሑፍ ነው። ፊርማችሁን አጥብቀው የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

ገንዘብ መክፈል ሁሉ ማጭበርበር ነው እያልኩ አይደለም። እኛ አገር ብዙ ደራሲ የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል። ጎበዝ አርታኢም ዋጋው ይገባዋል። ነገር ግን እያንዳንዱን ሥራ ለየብቻው ተዋዋሉ። አርታኢውን መጀመሪያ አሥር ገጽ አርመህ አሳየኝ በሉት፣ ከዚያ ወስኑ። የውጭ ወኪል ደግሞ የሚታመን ከሆነ ለማንበብ አያስከፍልም። የሚያገኘው መጽሐፉ ሲሸጥ ነው፣ በአብዛኛው 15 በመቶ። በአማርኛ የተጻፈውንም ሊያነብ ስለማይችል በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ናሙና ያስፈልጋችኋል። የአስተማሪዋ ፓኬጅ ውስጥ ይህ ጭራሽ አልነበረም።

ለጉባኤ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ልቦለድ ከሆነ ያለቀ ረቂቅ ይሁን፤ ግማሽ ሥራ ይዞ መሄድ ዕድልን ማባከን ነው። ፊደሉ መጠኑ 12፣ መስመሩ ሰፋ ያለ፣ ገጹ ቁጥር ያለው፣ ስማችሁና ስልካችሁ ከላይ። ታሪኩን ከነመጨረሻው የሚናገር አንድ ገጽ ማጠቃለያ ያዙ። «መጽሐፍህ ስለምንድን ነው?» ሲሏችሁ በአንድ ደቂቃ መመለስን ደግሞ ለጓደኛ እየነገራችሁ ተለማመዱ። ይህን ሁሉ ለመሥራት ለማንም አንድ ብር አትከፍሉም።

የከፈላችሁ ካላችሁ ቶሎ በሉ። የቻናሉ ባለቤትነት ወደ እናንተ ይዙር። ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው ባለቤቱ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ተጨማሪውን የይለፍ ቃል) ካበራ ነው፤ ስለዚህ «አይሠራም» ቢሏችሁ አብሩትና ጥቂት ቀን ጠብቁ በሏቸው። የወርድ ፋይሉን ተቀበሉ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ውሉን፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና የተጻጻፋችሁትን በስክሪንሾት ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ ሂዱ። መብት የሚያስተላልፈውን አንቀጽ የፈረማችሁ ግን መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ። ያልፈረማችሁ ደግሞ «ውሉን ቤት ወስጄ ላንብበው» በሏቸው፤ አይቻልም ካሉ ተነሥታችሁ ውጡ።