አምስት የባትሪ ማሽን በአንድ ሻንጣ፦ ከወራት ሥራ በኋላ ሒሳቡ ምን ይመስላል?

መርካቶ ውስጥ የባትሪ ማሽን ሻንጣ የሚሸጥላችሁ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ካልኩሌተር ነው። ድሪሉ ለብቻው ይህን ያህል፣ ግራይንደሩ ይህን ያህል፣ መጋዙ ይህን ያህል ብሎ ይደምርና ከሻንጣው ዋጋ ጋር ያስተያያል። ድምሩ ምንጊዜም ሻንጣውን ያስመርጣል። ሒሳቡ ውሸት የለበትም፤ ጉድለቱ አምስቱንም ለየብቻ ልትገዙ ነበር ብሎ መነሣቱ ነው። እኔ ካለፈው መስከረም ጀምሮ እንዲህ ያለ ሻንጣ ይዤ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱና ገላን አካባቢ እሠራለሁ። የመጋረጃ ዘንግ እሰቅላለሁ፣ የወጥ ቤት ካቢኔ እገጥማለሁ፣ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ከተጠራሁ የሰርቪስ ቤት ቆርቆሮም እመታለሁ። በእነዚህ ወራት ዋጋቸውን የመለሱት ሁለት ማሽኖችና ባትሪዎቹ ናቸው። የቀሩትን እንደ ምርቃት መቁጠር ይሻላል።

የማሽኑን ስም አልጠራም። መካከለኛ ዋጋ ያለው፣ ቻይና የተሠራ፣ በየሱቁ የሚገኝ ዓይነት ነው፤ ከምለው አብዛኛውም በዚያ ደረጃ ላሉት ሁሉ ይሠራል።

ከተማ መሀል ለሚሠራ ሰው የባትሪ ማሽን ምቾት ነው። እዚህ ዳር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሥራ የሚጀመረው ቆጣሪ ሳይገባ ነው። የኮንዶሚኒየም ቁልፍ የተረከበ ሰው ቶሎ ገብቶ ከቤት ኪራይ መገላገል ይፈልጋል፤ መብራት እስኪቀጠልለት አይጠብቅም። መብራት አለ ሲባልም ከጎረቤት ቆጣሪ በረዥም ቀጭን ገመድ የተሳበ ሊሆን ይችላል። በዚያች መስመር ላይ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ከተጣደማ የገመዱ ግራይንደሬ ድምፁ ይለወጣል፣ ይዝላል፣ ሰውነቱ ይግላል። 220 ቮልት መሆን የነበረበት ኃይል መንገድ ላይ እየወረደ ስለሚደርሰው ነው። ባትሪ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ አራተኛ ፎቅ ላይም ያው ነው። ማራዘሚያ ገመድ ተሸክሞ ደረጃ መውጣትና የማያውቁትን በር አንኳኩቶ «እትዬ፣ ለትንሽ ጊዜ ሶኬት ቢፈቅዱልኝ» ማለት ቀረልኝ። ለእኔ ትልቁ ትርፍ ይህ ነው፤ በሻጩ ካልኩሌተር ላይ ግን አልነበረም።

ወደ ሻንጣው ስንገባ፣ ከሁሉም አንደኛ ኢምፓክት ድራይቨሩ፣ ማለትም ቪቴ ማስገቢያው ማሽን፣ ነው። ቪቴው ሲከብደው ውስጡ ያለው መዶሻ በመዞሪያው አቅጣጫ ቶሎ ቶሎ እየመታ ያስገባዋል፤ ስለዚህ የሠሪውን አንጓ አይጠመዝዝም። ረዥም ቪቴ ደረቅ ባሕር ዛፍ ላይ፣ ጫፉ አካባቢ ካልሆነ በስተቀር፣ አስቀድሜ ሳልበሳ እነዳበታለሁ። ጣሪያ ላይ አንድ እጅ ለመያዣ ሲያስፈልግ ቀላልነቱ ይታወቃል። ክፋቱ ጩኸቱና ኃይሉ ነው። በካቢኔ ማጠፊያ ትንንሽ ቪቴዎች ላይ ከተጠቀማችሁበት ቺፑዱን ፈጭቶ ቪቴውን ባዶ ያዞረዋል። ለዚያ ሥራ ድሪሉ ይሻላል፤ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ስላለው ኃይሉን መጥኖ፣ ሲጠብቅ ራሱ ያቆማል።

ድሪሉ ሁለተኛው ባለውለታዬ ነው፤ ኮንክሪት እስኪያጋጥመው ድረስ። ብሎኬት ግድግዳ ላይ ችግር የለበትም። እንዲያውም ብሎኬት ስትበሱ የድሪሉን መምረጫ የመዶሻ ምልክት ካለበት ላይ አውጡት፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ሲመታ ከጀርባው ይፈረከሳል፣ ፊሸሩም (ቪቴው የሚገባበት የፕላስቲክ ማያዣ) የሚይዘው ያጣል። የመጋረጃ ዘንግ የሚሰቀለው ግን ከመስኮቱ በላይ ነው፤ እዚያ ያለው ደግሞ የኮንክሪት ቢም ነው። እዚያ ድሪሉ ትንሽ ይገባና ይቆማል፣ መብሻው ይግላል፣ የሠሪው ትከሻ ይዝላል። ምክንያቱ አሠራሩ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ድሪል ውስጥ የሚመታው ጥርስ ያላቸው ሁለት ዲስኮች እርስ በርስ ሲንሸራተቱ ነው፤ ምቱ የሚበረታው እናንተ በገፋችሁት መጠን ነው። የኮንክሪት መብሻ የሚባለው ግን ፒስተን አለው፤ አየር እያመቀ በራሱ ኃይል ይመታል፣ እናንተ መያዝ ብቻ ነው። የሚገባበት መብሻም ጀርባው የተቀረጸ፣ ቦሽ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኤስ ዲ ኤስ የሚባለው ዓይነት ነው። ሻጭ «ይኼም ኮንክሪት ይበሳል» ቢላችሁ መብሻው የሚገባበትን አፍ ተመልከቱ። በሦስት ጥርስ የሚጨብጥ ከሆነ የብሎኬት ድሪል ነው።

ግራይንደሩን በተመለከተ ቁጥር ልጥቀስ። ገመድ ያለው ትንሹ ግራይንደር፣ ባለ 115 ሚሊ ሜትሩ፣ በተለምዶ 700 ዋት አካባቢ ነው። ከሻንጣው ጋር የሚመጣው ባለ 18 ቮልት፣ 2 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በውስጡ ያለው ጉልበት፣ 18 በ2 ሲባዛ፣ 36 ዋት ሰዓት ነው። 700 ዋት የሚሠራውን ሥራ ከዚህ ባትሪ ብትጠይቁ ሦስት ደቂቃ ያገለግላችኋል። ስለዚህ የባትሪ ግራይንደር ወይ ኃይሉ ያነሰ ነው ወይ ባትሪውን ይጨርሳል፤ የኔው ሁለቱንም ያደርጋል። የመጋረጃ ዘንግ ለማሳጠር፣ የሴራሚክ ጥግ ለመቁረጥ፣ የበር ማጠፊያ ለማስተካከል ይበቃል። ቀኑን ሙሉ አር ኤች ኤስ የሚባለውን ውስጡ ክፍት ባለአራት ማዕዘን ብረት የሚቆርጥ በርና መስኮት ሠሪ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዘቡን አያውጣ። ያገዘኝ አንድ ነገር የ1 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ዲስክ ነው፤ ከወፍራሙ ያነሰ ብረት ስለሚፈጭ በአንድ ቻርጅ የሚቆረጠው ይበዛል። ቶሎ ያልቃል፣ ጎን ለጎን ከተጫኑትም ይሰበራል፤ የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አይሞከርም።

ክብ መጋዙ ንጹሕ እንደሆነ ተቀምጧል። ችፑድና ኤምዲኤፍ የምናስቆርጠው ማሽን ቤት ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ ጠርዙ ሳይላጥ፣ ከነጠርዝ መሸፈኛው ይወጣል። በዚህ መጋዝ ያን ጥራት ለማምጣት የሚባክነው ጊዜ ከማሽን ቤቱ ክፍያ ይበልጣል። አምስተኛው «ማሽን» መብራት ነው። ሻጮች ቁጥር ለማብዛት ያስገቡት ነው፤ ይሁን እንጂ ቤቴ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚሠራው እሱ ሆኗል። ሦስት ዋት ቢበላ ያው ትንሹ ባትሪ ሌሊቱን ያነጋል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ባለቤቴ የምትጠይቀው ሻማ ሳይሆን ሻንጣዬን ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ባትሪው። ገንዘቡ ያለው እዚህ ነው፤ ማጭበርበሩም እዚሁ።

በሱቅ 18 ቮልት፣ 20 ቮልት፣ 21 ቮልት ተብለው የተደረደሩት አንድ ናቸው። ውስጣቸው አምስት የሊቲየም ሴል ተከታትሎ ተያይዟል። አንዱ ሴል በመካከለኛ መጠኑ 3.6 ቮልት፣ ሙሉ ሲሆን ደግሞ 4.2 ቮልት ነው፤ በአምስት ሲባዛ 18 ወይም 21 ይመጣል። የማሽን አምራቹ ዴዋልት ራሱ አሜሪካ ውስጥ 20 ብሎ የሚሸጠውን አውሮፓ ውስጥ 18 ብሎ ይሸጠዋል። እስከዚህ ድረስ ምንም አይደለም። ጉዱ ያለው 48፣ 88፣ 128 ተጽፎባቸው ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ ፊደል የተለጠፈባቸው ላይ ነው። አንድ ሻጭ ሁለት ባትሪ አንሥቶ «ወንድሜ፣ ይኼኛው 20 ብቻ ነው፣ ያ ግን 88 ነው» ሲለኝ ዓይኑን አላሸም። ሁለቱም እኩል መጠን ያላቸው፣ በአንድ ቻርጀር የሚሞሉ ነበሩ። ፊደሉ የሞዴል ስም ነው የሚል ማምለጫ ስላለው አትከራከሩት።

ይልቅ ሚዛን ጠይቁ። የብረታ ብረት ሱቅ ሚስማር በኪሎ ስለሚሸጥ ሚዛን አያጣም። የተለመደው 18650 ሴል፣ ወርዱ 18 ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ አንዱ 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል። 4 አምፒር ሰዓት የተባለ ባትሪ በዚህ ሴል ከተሠራ አሥር ፍሬ ሊኖረው ይገባል፤ ሴሎቹ ብቻ 450 ግራም አካባቢ ናቸው፤ ከነቅርፊቱ ከ550 በላይ ይሆናል። 350 ግራም ከመዘነ አምስት ፍሬ ብቻ ነው ያለው፤ የተጻፈው ቁጥር ግማሹ ባዶ ነው። ይህን የሚያሳስት አንድ ነገር 21700 የሚባለው ወፍራም ሴል ነው። እሱ ለብቻው 70 ግራም አካባቢ ስለሚመዝንና 4 አምፒር ሰዓት ስለሚይዝ አምስት ፍሬ ይበቃዋል፤ እሱም ቢሆን ከነቅርፊቱ ከ400 ግራም አይወርድም። የኔዎቹ በሚዛኑ አልፈዋል፤ ሁለቱ ባለ 2 አምፒር ሰዓት ናቸው፣ የተጻፈባቸውም ያው ነው። በጥር አንድ ባለ 4 ጨመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹ የድሪልና የመብራት ሆኑ፣ ትልቁ የግራይንደር።

አያያዙ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ከግራይንደር ላይ በትኩሱ የወጣን ባትሪ ወዲያው አልሰካም፤ እስኪበርድ አቆየዋለሁ። ሥራ የሌለበት ሳምንት ሲመጣ ግማሽ አድርጌ አስቀምጣለሁ። መብራት ማታ ይኖራል ብዬ ስለማልተማመንበት ግን ሥራ ባለበት ሳምንት ባገኘሁት ሰዓት እሞላለሁ፤ ባትሪው ትንሽ ቢያረጅም ደንበኛ ቤት ባዶ እጅ ከመድረስ ይሻላል።

ባትሪ ሲሞት ሴል የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል ነው። መጠኑ አንድ ነው፣ ቮልቱም አንድ ነው፤ ነገር ግን የላፕቶፕ ሴል በዝግታ ለመስጠት የተሠራ ስለሆነ ድሪል በአንድ ጊዜ 20 አምፒር ሲስብበት ይወድቃል፣ ይሞቃል። ካስቀየራችሁ ለመሥሪያ ማሽን የሚሆን ከፍተኛ አምፒር የሚሰጥ ሴል መሆኑንና በነጥብ ብየዳ (ስፖት ዌልዲንግ) ማሽን መያያዙን ጠይቁ፤ በካውያ ረጅም ጊዜ የሚሞቅ ሴል ይጎዳል።

ጥገናን ካነሣሁ፣ ግራይንደሩ ካርቦን (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብል፣ እየተፋቀ የሚያልቅ ቁራጭ) አለው፤ ሲያልቅ ማንም ጠጋኝ በትንሽ ገንዘብ ይቀይረዋል። ኢምፓክቱ ካርቦን የለውም፤ በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው የሚዞረው፤ ባትሪ ይቆጥባል፣ ኃይልም አለው፣ ሰሌዳው ከተቃጠለ ግን የሚያድነው የለም። የድሪሉ ማብሪያ በየካቲት ሲያስቸግር በዋስትናው ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ ወደ አስመጪው፣ አስመጪው ወደ ሱቁ መለሱኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው ነው፤ በመጨረሻ ጠጋኝ ከሌላ የሞተ ድሪል ማብሪያ ነቅሎ ገጠመልኝ፤ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ከዚህ የባሰው የባትሪው እግር ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ ባትሪው የሚገባበት የራሱ ቅርጽ አለው፤ ሻንጣ ስትገዙ የምትገቡት ወደዚያ ቅርጽ ነው። ማኪታ የ18 ቮልት ሊቲየም መስመሩን በ2005 እ.ኤ.አ. ከጀመረ ወዲህ ያንኑ ቅርጽ በመሠረቱ ይዞ ቆይቷል፤ ሰው ከዋጋው ጋር እየተናደደም የሚገዛው ለዚህ ጭምር ነው። የኔው ግን በዚያው ስም አዲስ ሞዴል አውጥቶ እግሩን ለወጠ። አሁን ለአሮጌው የሚሆን ባትሪ እያደር እየጠፋ ነው። ለሻንጣው ከመክፈላችሁ በፊት በዚያ እግር የሚገባ ባትሪ ለብቻው በሌሎች ሱቆችም መኖሩን ዞራችሁ አረጋግጡ።

ዋጋ በብር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዚህ ዕቃ ዋጋ ሲጻፍና ሲነበብ አንድ አይሆንም። በድርሻ ማስላት ግን ይቻላል። የሁለቱን ባትሪዎችና የቻርጀሩን ዋጋ ለየብቻ ጠይቁና ከሻንጣው ላይ ቀንሱ፤ የቀረው ለማሽኖቹ የምትከፍሉት ነው። ያንን በሳምንት አንድ ጊዜ በምታነሡት ማሽን ቁጥር ብቻ አካፍሉ። በኔ ሻንጣ ባትሪና ቻርጀር የዋጋውን ግማሽ ሊደርሱ ትንሽ ነው የቀራቸው፤ ቀሪውን በድሪልና በኢምፓክት ሳካፍለው እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚሸጡበት እምብዛም አልረከሱም። ስለዚህ እንደኔ ዓይነት ሥራ ላለው ሰው ድሪልና ኢምፓክት ብቻ የያዘው ሻንጣ፣ ባትሪዎቹ ባለ 4 ከሆኑ፣ ከባለ አምስቱ ይበልጣል። ጣሪያ የሚያነሣ፣ አጥር የሚያጥር፣ ከከተማ ርቆ ግቢ የሚሠራ ሰው ግን ግራይንደሩንና መጋዙንም ስለሚያነሣቸው ባለ አምስቱ ያዋጣዋል። አንድ ቤት ጨርሶ ማሽኑን አልጋ ሥር ለሚያስገባ ባለቤት ደግሞ ሁለቱንም አልመክርም፤ ባለሙያ ይጥራ።

ቀጥዬ የምገዛው በዚያው እግር የሚገባ የኮንክሪት መብሻ ነው፤ ባትሪ ስላለኝ ባዶ አካሉን ብቻ። እስካሁን ያገኘሁት ለአዲሱ ሞዴል የተሠራውን ስለሆነ ከጓደኛዬ የገመዱን እየተዋስኩ ነው። ክብ መጋዙን የሚፈልግ ካለ ደግሞ ይሸጣል፤ ያለ ባትሪ።