ለገፈርሳው የወፍ አስጎብኚያችን

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ከሰዓት ልጄንና እኔን ገፈርሳ ወስዶ ወፍ ላሳየን ሰው ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳወጣ አልፈለገም። ስራውን ግን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወፍ ካየች ከቆመችበት አትነቃነቅም። ባለፈው ዓመት ከሌላ አስጎብኚ ጋር ወጥተን፣ ሰውየው ከመኪና እንኳን ሳይወርድ «ያው ዳክዬ ነው» እያለ ጉዞውን ጨረሰው። ልጅቷ ኩምሽሽ ብላ ተመለሰች።

የአሁኑ ገና ሲደውልልኝ ነው የተለየብኝ። «እህቴ፣ ዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ፤ ፀሐይዋ ከጀርባችን ስትሆን ቀለማቸው በደንብ ይታያል» አለኝ። ገፈርሳ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ግድብ ስለሆነ ጥበቃዎቹን ቀድሞ አነጋግሯቸው ነበር። እዚያ ስንደርስ መጀመሪያ ያናገረው ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ነው። «ወፎቹ ዛሬ የት ዋሉ?» አለው። ልጁ በዱላው አሳየን።

የመጣነው ሰማያዊ ክንፍ ያላትን ዝይ ለማየት ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም የለችም። ሳር ስትግጥ ግን ሰማያዊውን አታሳይም፤ አመድማ ቡናማ ሆና፣ አንገቷን ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋ ትቆማለች። አጠገባችን የነበሩ ጎብኚዎች ድንጋይ ወርውረን እናስነሳት አሉ። እሱ በትህትና፣ ግን ቆፍጠን ብሎ «ምሳዋን እየበላች ነው፣ ትጥገብ» አላቸው። የቴሌስኮፑን እግር እስከ ልጄ ቁመት ዝቅ አደረገላትና እሱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ዝይዋ በራሷ ጊዜ ስትነሳ የክንፏ ሰማያዊ ብልጭ አለ። ልጄ ያሰማችው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ውሃው ላይ ያሉትን እንግዶች አሳያት። መንቆሩ እንደ ማንኪያ የሰፋውን ዳክዬ፣ ጅራቱ የሾለውን ሌላውን። «አሁን የእነሱ አገር ውሃ በረዶ ሆኗል የኔ እናት፣ ለዚህ ነው እኛ ጋ የመጡት» አላት። የእኛ በጋ ለእነሱ ክረምት መሆኑን በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ገባት። ማታም ለአባቷ ያወራችው ይህንኑ ነው።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ያ ረጅም ቆልማማ መንቆር ያለው፣ አይቢስ የሚባለው ወፍ በመንጋ ወደ ማደሪያው እየጮኸ አለፈ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ድምፁን ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ከጣራ በላይ ሃ ሃ ሃ የሚለው ነው። እኔ ግን ስሙን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ዋጋው መጀመሪያ የተነጋገርነው ነው፣ ሳንቲም አልጨመረም። የእጅ መነጽር ለሁለታችንም ይዞ ነበር። ልጅ ይዞ መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ጋቢ ያዙ። ቦታው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል ከውሃው የሚመጣው ንፋስ አጥንት ይገባል።

ጋሼ፣ ልጄ «ዝይዋን ሰላም በልልኝ» ብላሃለች።