ጅማ ከልጆች ጋር፦ መናፈሻው፣ ስኬቲንጉና ሌላ ሌላው

ልጆች ይዛችሁ ወደ ጅማ የምትመጡ ከሆነ፣ ዘመድ ጠይቃችሁ ስትጨርሱ ቀጥታ ወደ መናፈሻው ሂዱ። ዘንድሮ ክረምት እናቴን ልጠይቅ ከሚኒሶታ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ስመጣ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ አንጀቴን ያራሰው ከአዌቱ ወንዝ ብዙም የማይርቀው ይህ መናፈሻ ነው። እኛ ስናድግ የምንጫወተው ግቢ ውስጥ፣ ካልሆነም መንገድ ዳር ነበር። አሁን ሸርተቴው፣ ዥዋዥዌው፣ የአዛውንቱ መቀመጫና የወጣቶቹ ስኬቲንግ ሜዳ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው።

አመጣጡ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውሮፕላን ግን አባ ሰጉድ ኤርፖርት ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይበቃችኋል፤ ኮንትራት ከሆነ ሳትሳፈሩ ዋጋ ተነጋገሩ።

የትንንሾቹ መጫወቻ ደህና ነው፣ ሴት ልጄ ከሸርተቴው አልወርድም ብላ ነበር። እኔ ግን ብዙ ማውራት የምፈልገው ስለ ስኬቲንጉ ነው። ወለሉ ልስልስ ያለ ሲሚንቶ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ ዝቅተኛ መወጣጫዎች አሉት። ተሽከርካሪ ጫማ ያደረጉም፣ ስኬትቦርድ የያዙም እዚያው ይሽከረከራሉ። አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ሰሌዳው ከመነዳቱ ብዛት ጠርዙ ተበልቷል፣ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ ቀለሙ ለብቻው ነው። ወንዱ ልጄ ዳር ቆሞ ሲያይ ጠራውና መጀመሪያ ያስተማረው መንዳት ሳይሆን መውደቅ ነው። ሣሩ ላይ ወስዶ ጉልበትህን እጠፍ፣ በትከሻህ ተንከባለል፣ እጅህን አታስቀድም እያለ ደጋግሞ አስወደቀው። ከዚያ በኋላ ነው ሁለት እጁን ይዞ ሲሚንቶው ላይ ያወጣው። እኔ ስጨነቅ አይቶ «አይዞዎት እትዬ፣ ይዤዋለሁ» አለኝ። እውነትም አልለቀቀውም። ልጄ አማርኛው ኮልታፋ ነው፣ ኦሮምኛ ደግሞ ጭራሽ አይሰማም፤ እነሱ ሁለቱንም እየቀላቀሉ ያወሩታል፣ እሱም በእጅ በእግሩ ይግባባል። በማግስቱ ጠዋት ቁርሱን ሳይጨርስ እንሂድ አለኝ።

እናቴ መጀመሪያ የዱርዬ ጨዋታ መስሏት ተቆጥታ ነበር። ስኬትቦርድ በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ውድድር ሆኖ መግባቱን ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ ቡና የምታፈላው ሴት ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የልጅ ልጇን መመረቅ ጀመረች። ቡናው በጀበና ነው፣ እንደ ጅማነቱ ወፍራምና ጥሩ። ካፌው ግን ያዘዙትን ለማምጣት ይዘገያል፤ ልጅ ከራባችሁ በቆሎ ጥብስ ይሻላል።

የሚስተካከል ነገርም አለ። ኪራይ ሳይክሎች ስኬቲንጉ ሜዳ ውስጥ ይገባሉ፣ ከሸርተቴው ሮጠው የሚወጡ ሕፃናትም መሐል ይገኛሉ። አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ለጥቂት ተረፈች። ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፣ በሁለቱ መሐል ዝቅ ያለ አጥር ወይም የቁጥቋጦ ረድፍ ይበቃል። ሄልሜትና የጉልበት መከላከያም የሚያከራይ የለም። መጸዳጃ ቤቱ ጠዋት ንጹሕ ነው፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግን ውሃ አልነበረም። ሕፃናት ለሚውሉበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ አንድ የውሃ ታንከር ቢጨመር መልስ ያገኛል።

ክረምት ከመጣችሁ ጠዋት ጠዋት ሂዱ። የጅማ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት ነው የሚወርደው፣ ወለሉ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል። አንድ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ ጥበቃው ሽማግሌ ማንም ሳያዝዛቸው መጥረጊያ አንሥተው ውሃውን ወደ ቦዩ ሲገፉ አየሁ፤ ልጆቹም ሰሌዳቸውን አስቀምጠው ያግዟቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ደመወዝ ቢጨመርለት ይገባዋል እላለሁ።

ቀን ከተረፋችሁ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳዩአቸው። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ የእንጨት ሥራው ልጆችንም ቀልባቸውን ይይዛል። ንጉሡ ይገለገሉባቸው የነበሩ ዕቃዎች ከተማው ውስጥ ሙዚየም አሉ።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ደግሞ ልጆቻችሁን የጠበባቸው ሄልሜት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ ያረጀ ሰሌዳም ቢሆን አትጣሉ፣ ይዛችሁ ኑ። የስኬትቦርድ ጎማና ኩሽኔታ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፣ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉትም እሱን ነው። ስትሰጡ በቀጥታ ለትልልቆቹ ልጆች ስጡ፤ ለታናናሾቹ ተራ አስይዘው እንዴት እንደሚያካፍሉ በዓይኔ አይቻለሁ።